የጋሽ እንዳትነኩ መኪና

የእህቴ ባል እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው። በዚያ ስም የሚጠራው ግን የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው። ለተቀረው ሰፈር ጋሽ እንዳትነኩ ነው። ስሙን ያወጡለት የመንገዱ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ አልፈጠሩትም፣ ከገዛ አፉ ነው የለቀሙት። ኳሳቸው ግቢያችን በገባች ቁጥር ከመኪናው ጎን ብድግ ብሎ «እንዳትነኩ!» ይላቸዋል። ኳሷን ለማንሳት ሲያጎነብሱ «እንዳትነኩ!» ይላል። ሲወጡም ከኋላ ይደግምላቸዋል፣ ለመንገድ ስንቅ እንዲሆናቸው መሰለኝ።

እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ነኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ወንበሬ መስኮቱ ሥር ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ግቢውን ያያል። ስለዚህ የማወራው ሁሉ ሰው የነገረኝን ሳይሆን ክር እያስገባሁ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው።

ሥራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳትነት ነው። ነጭ ጋዎን ለብሶ ጠርሙስ ያጥባል፣ ያጠበውን ያደርቃል፣ ያደረቀውን ተማሪ እንዳይሰብርበት ቆሞ ይጠብቃል። ክፉ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም፣ ደመወዙን ቤት ያመጣል፤ እህቴም ሰው ሲያማባት ይህንኑ ነው የምትቆጥርለት። እኔ ግን አንዳንዴ በጠጣ ይሻል ነበር እላለሁ። ጠጪ ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ይጸጸታል።

መኪናዋ የተገዛችው በእህቴ ጉልበት ምክንያት ነው። እናታችን የምትኖረው እኛ በተወለድንባት ትንሽ ከተማ ነው፣ የግማሽ ቀን መንገድ። እህቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ አውቶቡስ ደመኛዋ ሆነ። የመጨረሻ ጊዜ ሄዳ ስትመለስ እግሯ አብጦ ረዳቱና አንድ መንገደኛ ደግፈው ነው ያወረዷት። ያን ቀን ጋሼ እግሯን በሞቀ ውሃ እየዘፈዘፈ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ከእንግዲህ አውቶቡስ የሚባል የለም። መኪና እገዛለሁ። እናትሽ ዘንድ በገዛ መኪናሽ ነው የምትሄጂው» አላት። እህቴ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ምን ዋጋ አለው።

አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ያረጀች ጥቁር ሰማያዊ መኪና ሸጠለት። መኪናዋ ግቢ የገባች ዕለት እህቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ከበሩ ጀርባ አስቀምጣ ነበር። እሱ መኪናዋን ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ አያት፣ ጣቱን አረጠበና በሩን ጠረግ አደረገ፣ ጣቱን ተመለከተ። «መጀመሪያ ትታጠብ» አለ።

በዚያች «መጀመሪያ» ውስጥ ሁለት ዓመት አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ላሟ ግን ሰማይ ላይ አልነበረችም፣ መስኮቴ ሥር ነበረች።

በመጀመሪያው እሑድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዞ ወጣ፤ እንደማንኛውም ሰው አሽቶ፣ አጥቦ፣ ገባ። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ኮፈኗ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ክብ ክብ ጭረቶች አየ። ሰው የሞተበት ይመስል ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓለም ችግር ሁሉ መነሻው ክብ መሆኑ ተገለጠለት። «በክብ አይታሽም! ቀጥ፣ ቀጥ! ወደፊት፣ ወደኋላ!» እያለ እህቴን የምግብ ጠረጴዛ አጠራረግ ሳይቀር አስተማራት።

«ላቫጆ ወስደህ ለምን አታሳጥባትም?» አልኩት አንድ ቀን፣ ይገላግለን ብዬ።

«ላቫጆ!» አለ፣ የሰደብኩት ያህል። «አንድ ስፖንጅ ለስንቱ መኪና እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሰውዬው አሸዋ፣ የሰውዬው ጭቃ እኔ መኪና ላይ?»

ቀጥሎ ስለ መቀቢያ ማሰብ ጀመረ። መቀቢያ ማለት ሰሙንና ፖሊሹን የሚቀባበት ነገር ነው። ስፖንጁ ሰም ይጠጣል አለ። ጨርቁ ጠርዙ ሻካራ ነው አለ። ከገበያ ያመጣው ክብ መቀቢያ ደግሞ፣ ስሙ ላይ ክብ ስላለ ነው መሰለኝ፣ ገና ከላስቲኩ ሳይወጣ ተጠላ። በመጨረሻ ያረጁ የጥጥ ፋኔላዎቹን ሰብስቦ እኔ ዘንድ መጣ።

«እስቲ በእነዚህ የእጅ መዳፍ የምታክል ትራስ ስፊልኝ፣ ውስጧ ስፖንጅ ይግባበት» አለኝ።

ሰፋሁለት። በማግሥቱ መልሶ አመጣት።

«ስፌቷ ወደ ውጭ ነው። ስፌት ይቧጭራል።»

ፈትቼ ገልብጬ ሰፋሁ። የተዘጋበት ጫፍ ጎረበጠው። በእጄ፣ በቀጭን መርፌ፣ አይታይም በሚባል ስፌት ዘጋሁለት። ለሙሽራ ቀሚስ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም። ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ወዲህ ወዲያ አሻሻትና «አሁን ገና ሰው ሆነች» አለ። ከዚያ ወዲያ አላረፍኩም። ለኮፈኑ አንድ፣ ለበሮቹ አንድ፣ ለፓራውልቱ አንድ፣ ለመስታወቱ አንድ። «መቀቢያ ሌላ፣ መወልወያ ሌላ፣ ማድረቂያ ሌላ፤ እነዚህን የደባለቀ ሰው ጨውና ስኳር ደባለቀ ማለት ነው» ይለኛል መስኮቴን ተደግፎ። እኔ ልጨርሰው ቃል የገባሁት ቀሚስ ከነክሩ ተንጠልጥሎ ይሰማዋል።

ቤታችን ውስጥ የጥርስ ብሩሽ ሲያረጅ አይጣልም። ሹመት ያገኝና ወደ ቸርኬ ይዛወራል። የጢም መላጫው ብሩሽ ወደ ስፖኪዮው ተዛወረ፣ ጋሼም ጢሙን በእጁ አረፋ መቀባት ጀመረ። የጠፋብኝን የፓውደር ብሩሼን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የዳሽቦርዱን የአየር ቀዳዳ ሲጠርግበት ነው። «ፀጉሩ እንዴት ያለ ልስልስ መሰለሽ!» አለኝ፤ ስንት ዓመት ፊቴ ላይ የዋለ ብሩሽ መሆኑን እኔ የማላውቅ ይመስል።

ከዚያ ባልዲዎቹ ሄዱ። አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለመለቅለቂያው፣ አንዱ ለጎማ ብቻ። «በአንድ ባልዲ ያጠበ ሰው ያወጣውን ቆሻሻ መልሶ ነው የሚቀባት» ይላል። ልክ ነው፣ አልዋሸም። እህቴ ግን ልብስ በትልቁ ድስት ማጠብ ጀመረች፣ ድስቱ ምድጃ ላይ ሲጣድ ደግሞ ወጡ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። እሱ እየበላ «ዛሬ ቅመም ለውጠሻል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

ከባልዲዎቹ በኋላ ዛፉ ሄደ። ግቢያችን መሐል አንድ ሰፊ ዛፍ ነበረን፤ እህቴ ከሰዓት በኋላ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ጥላው ሥር ትቀመጥ ነበር። በዛፉ ላይ ወፎች ያርፋሉ፤ ወፍ ካረፈ ደግሞ የወፍ ነገር ይታወቃል። አንድ ጠዋት ጣሪያዋ ላይ ነጭ ነገር አየና ከሰዓት በኋላ መጥረቢያ ያለው ሰው ይዞ መጣ። ዛፉ ሲወድቅ ጥላው አብሮ ወደቀ፣ ፀሐዩ በቀጥታ መኪናዋ ላይ አረፈ፣ ሰሙም ሳይወለወል መድረቅ ጀመረ። ያኔ ምን አደረገ? በቆርቆሮ ጥላ ሠራ። ለማን? ለመኪናዋ። እህቴ በርጩማዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሁሉ የባሰኝ የግራጫው ጨርቅ ነገር ነው። ከጨርቆቹ ሁሉ የመጨረሻው፣ የማድረቂያዎች ንጉሥ፣ ስትነኩት እጃችሁ ላይ የሚቀልጥ የሚመስል ግራጫ ፎጣ ነበረው። ለብቻው ይታጠባል፣ ለብቻው ገመድ ላይ ይሰጣል። አንድ ቀን እህቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ ነዶ፣ በደመ ነፍስ ገመዱ ላይ ያገኘችውን ሳብ አድርጋ ፊቷን ጠረገች።

«ኧረ ኧረ! እንዳትነኪ!» ብሎ ሮጠ። «ከፊትሽ ቅባት ይይዛል! ቅባት የያዘ ጨርቅ መኪናዋን ይልሳል እንጂ አያደርቃትም!»

እህቴ ሳቀች። ኋላ እኔ ክፍል መጥታ የተንጠለጠለውን ቀሚስ እየዳሰሰች «ከእኔ ፊት ኮፈኑ ይሻላል ማለት ነው» አለችኝ። ያኔ አልሳቀችም።

እማዬ በስልክ ትጠይቃለች። «መቼ ነው የምትመጪው፣ ልጄ?»

«ሰሙ ይድረቅ እያለ ነው፣ እማዬ።»

«የምን ሰም? ሰውዬው ሻማ መሥራት ጀመረ እንዴ?»

አንዴ ሰሙ ነው፣ አንዴ መንገዱ አቧራ ነው፣ አንዴ ዝናቡ ጭቃ ያመጣል። ክረምትም በጋም የማይስማማት መኪና አይቼ አላውቅም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የሄደችው መንገድ ቢኖር እሑድ እሑድ ጎማዋ ባለበት እንዳይተኛ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው። እሱም ቀጥ አድርጎ፣ በክብ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ እናታችን ጋር የምትኖረው የአክስታችን ልጅ ደወለች። እማዬ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ጉንፋኑ ለቀቃት፣ አልጋው ግን አለቀቃትም። እህል አልቀምስም ትላለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር «ትልቋ ናት?» ትላለች። እህቴ ስልኩን ዘጋችና እግሯን እየጎተተች ወደ ግቢ ወጣች። እሱ ቸርኬ ላይ ነበር፣ በጥርስ ብሩሽ።

«እማዬ ደከመች» አለችው።

«አይዞሽ፣ ትድናለች» አለ ሳይዞር።

«ካልሄድኩ አላገኛትም። ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

ይህን ጊዜ ብሩሹ ቆመ። የቆመው ግን ለእናታችን አልነበረም። «በአውቶቡስ? መኪና እያለን? ሰው ምን ይላል?» አለ። ተነሳ፣ እጁን ጠረገ፣ አሰበ። «ቅዳሜ እንሄዳለን። እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።» ከዚያ አፉን ሲከፍት እኔ መስኮቱ ላይ ጭንቅላቴን አወጣሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደሚመጣ አውቄአለሁ። «ብቻ መጀመሪያ...» አለ።

ዓርብ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ዋለ። አማት ቤት በቆሻሻ መኪና አይኬድም ብሎ ከጣሪያ እስከ ጎማ አዲስ ሰም መታት። ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ላይ መጣና ሁለት ጣት የምታክል ትንሽ መቀቢያ ስፊልኝ አለኝ።

«ይቺ ደግሞ ለየትኛው ጆሮዋ ናት?»

«ለጠባብ ቦታ» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጠርሙሶቹ መናገር አለብኝ። ጋሼ የገዛውን ሻምፑም ሆነ ቅባት በመጣበት ዕቃ አያስቀምጥም። ዕቃዎቹ ቀለማቸው የተዘበራረቀ ነው፣ ዓይን ያውካል ይላል። ሁሉንም እንደ ቤተ ሙከራው በአንድ ዓይነት ጠርሙስ ይገለብጥና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቁጥር ይለጥፍባቸዋል። ባዶዎቹን ለእኔ ይሰጠኛል። ጎማ የሚያበራው ቅባት፣ እሱ «አምስት ቁጥር» የሚለው፣ የመጣበት ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ እኔ ዘንድ የአዝራር ማስቀመጫ ነው።

በአምስት ቁጥርና በትንሿ መቀቢያ ያን ቀን ውስጧ ያለውን ጥቁር ነገር ሁሉ ቀባ። የበሮቹን ጎማ፣ የማርሹን እጀታ፣ መሪውን። በመጨረሻ ሆዱ ላይ ተኝቶ፣ እግሩ በበሩ ወጥቶ፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑንና የነዳጁን ፔዳል ቀባ። ሲነሳ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ በሠርጉ ቀን አላየሁትም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፔዳሎቹን ረስቻቸው ነበር!» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጣ። ጎረቤታችን የታክሲ ሾፌር ታክሲውን አቁሞ ለማየት ቆመ፣ ልጆቹ ኳሳቸውን ጣሉ። እህቴ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ሁለት ዓመት በር ጀርባ የቆመውን ሻንጣ ይዛ ወጣች። ጋሼ የኋላውን በር ከፈተላት። ወንበሩ ላስቲክ ለብሷል፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል።

«ጫማሽን» አላት በሹክሹክታ።

«ጫማዬን ምን?»

«አውልቂውና በከረጢት ያዢው። ጋዜጣው ይቀደዳል።»

ሰው ሁሉ ያያል። እህቴ ቀና ብላ አላየችም። አንድ እጇን በሩ ላይ ልትደግፍ ስትል «እንዳትነኪ፣ ሰሙ ትኩስ ነው» አላት። እኔ ያዝኳት፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ባዶ እግሯን ገባች፣ ጫማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም አብሬያቸው ልሄድ ከፊት ተቀመጥኩ። 

ሞተሩ ተነሳ። ልጆቹ አጨበጨቡ። የመኪናዋ አፍንጫ በቀስታ ከበሩ ወጣ፤ ከበሩ ውጭ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ፊት ለፊት ደግሞ የአንድ ጎረቤት አናጺ የድንጋይ አጥር አለ። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። ጋሼ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ግን አልተያዘለትም። እግሩ ሙልጭ ብሎ ሄደ፣ ያረፈውም ነዳጁ ላይ ነው። መሪውን ጠመዘዘ፣ መሪው በመዳፎቹ ውስጥ እንደ አሳ ተንሸራተተ። የበራችን መቀርቀሪያ ከፊተኛው በር እስከ ኋለኛው አንድ ረጅም መስመር አሰመረላት። ቀጥ ያለ መስመር፣ እሱ እንደሚያስተምረው። ከዚያ አጥሩ መጣ።

ሰው አልተጎዳም። እኔ ግንባሬን ትንሽ ገጨሁ፣ እህቴ ጫማዋን እንዳቀፈች ነበረች። ጋሼ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ወደ እኛ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ወደፊት ሄደ። አንደኛው መብራት የለም፣ ፓራውልቱ ተንጠልጥሏል፣ ኮፈኑ ታጥፏል። ተንበርክኮ በሁለት ጣቱ ኮፈኑን ነካ። «ወይኔ፣ ወይኔ ልጄን» አለ። ልጅ የላቸውም። እህቴ ይህን በመስኮቱ ሰማች፣ እኔ ደግሞ ፊቷን በስፖኪዮው አየሁት። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ እሱንም ይቅር አላልኩትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰፈሩ ምክሩን ይዞ ተሰበሰበ። የታክሲ ሾፌሩ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ገብቶ ፔዳሉን በጣቱ ነካና «ኧረ በሞቴ! ፍሬን ይቀባል እንዴ?» አለ። ጋሼ «ጥቁር ጎማ ነው፣ የጎማ ቅባት ነው» ብሎ ተንተባተበ። እኔ ኋላ ቤት ስመለስ አዝራሮቼን ገልብጬ ዕቃውን አየሁት፤ በቀይ፣ በትልቁ፣ መሪና ፔዳል ላይ አይቀባ ይላል። እሱ ዓይን ያውካል ያለው ያ ቀይ ነበር።

ሁሉም ሲያወራ የመኪናዋ የኋላ በር ተከፈተ። እህቴ ባዶ እግሯን ድንጋዩ ላይ ወረደች።

«ትሄዳለች?» አለች።

 የታክሲ ሾፌሩ ኮፈኑን በኃይል ከፍቶ አየ። «የተጎዳው መልኳ ነው፣ ሌላው ደህና ነው። ትሄዳለች፣ እታለም፤ ግን በዚህ ፍሬን ሳይሆን።»

እህቴ ጫማዋን አደረገች። ወደ ቤት ገባችና የድስት መፈግፈጊያውን፣ የልብስ ሳሙናና ውሃ ይዛ ተመለሰች፤ ውሃው በባልዲ ነበር፣ በየትኛው ባልዲ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። የታመመ ጉልበቷን መሬት ላይ አስደግፋ ፔዳሎቹን ፈገፈገች፣ መሪውን ፈገፈገች። ድስት ያረረባት ሴት እንደምትፈገፍግ፣ በክብ፣ በክብ፣ በክብ። ከዚያ የምታደርቅበት ፈልጋ የበሩ ኪስ ውስጥ እጇን አስገባችና ግራጫውን ጨርቅ አወጣች። መሬት ላይ ጣል አድርጋ አፈር አስነከሰችው፣ በአፈሩ ፔዳሎቹን አሸች።

«እንዳ...» አለ ጋሼ።

ዞራ አየችው። ቃሉ ግማሹ አፉ ውስጥ ቀረ። ወደኋላዋ ወንበር ገብታ ላስቲኩን ጠቅልላ በመስኮት ወረወረችው፣ ልጆቹም ተቀራመቱት። «ንዳ» አለችው።

ነዳ። የታክሲ ሾፌሩ ፓራውልቱን በሽቦ አሰረልን፤ ፓራውልቱም መንገዱን ሁሉ እየተንኳኳ ሄደ። አቧራው መጣ፣ ከአቧራው በኋላ ጭቃው መጣ።  እኔ ውስጥ ውስጡን እየሳቅሁ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከሳቁ ሥር ግን «እማዬ ብንደርስባት፣ ብቻ ብንደርስባት» እያልኩ እለምን ነበር።

ደረስንባት። አልጋዋ ላይ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ከምናውቃት እናት ግማሿ ቀርታ አገኘናት። እህቴ ገብታ አንገቷ ላይ ወደቀች፣ ሁለቱ እንዲያ ሆነው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። እማዬ በእህቴ ትከሻ ላይ አየችውና «ና ግባ እንጂ፣ የኔ ልጅ። እስቲ መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ያቺን መኪና ልያት» አለች።

ከፈትንላት። መኪናዋ በጭቃ ተለውሳ፣ አንድ ዓይኗ ጠፍቶ፣ በሽቦ ታስራ ቆማለች።

«ይቺን ነው ሁለት ዓመት ሙሉ ስትኩላት የከረምከው?» አለች እማዬ። ሳቋ ሳል ሆነባት። ሳሉ ሲለቃት ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ልጄ፣ እኔ እኮ የጠበቅሁት መኪናዋን አልነበረም።»

 

እዚያው አደርን፤ ሰኞ ሥራ ስላለብን እሑድ ለመመለስ ተነሳን። እህቴ እስከ መኪናዋ ሸኘችን።

«ግቢ እንጂ» አላት።

«አንተ ሂድ። እኔ እዚህ ነኝ።»

«እስከ መቼ?»

«መጀመሪያ ትታጠብ» አለችው። አልተቆጣችም፣ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ከዚያ ፖሊሽ ትመታ። ሰም ትቀባ። ይድረቅላት። ሁሉም ሲያልቅ ትመጣለህ።»

ሁለታችን ብቻ ቤት ገባን። ያን ሳምንት መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሰው አይለወጥም የሚል ነበር ግምቴ፤ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ሦስቱን ባልዲ ሞልቶ ሲያወጣ «አላልኩም?» አልኩ ለራሴ። ጠርሙሶቹን ደረደረ፣ መቀቢያዎቼን ደረደረ። ከዚያ በርጩማ ፈልጎ ወደ ጓዳ ሄደ፣ የእህቴን በርጩማ ይዞ ወጣ፣ ተቀመጠበት። እንደተቀመጠ መሸ። ሲነሳ ውሃውን ወስዶ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ላይ ደፋው። ጉቶ ውሃ አይጠጣም ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ኳሷ ግቢ ስትገባ አንዱ ልጅ በሙከራ መኪናዋን ነካ፤ «እንዳትነኩ» የምትለዋን ቃል ጠበቀ፣ አልመጣችም። በማግሥቱ አምስት ሆነው ነኩ። ባልዲዎቹ ወደ ልብሱ ተመለሱ፣ የራሱን ሸሚዝም አጠበባቸው፣ እንከኑ የአንገቱ እድፍ ሳይለቅ መቅረቱ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ላይ መጣ። ሌላ መቀቢያ ሊያሰፋኝ ነው ብዬ መቀሴን አነሳሁ።

«ነገ እሄዳለሁ» አለኝ። «ትመጫለሽ?»

«አልታጠበችም እኮ» አልኩት፤ ክፋት ነው፣ ግን ጣፈጠኝ።

«አልታጠበችም» አለ።

ሄድን። ያለፈው ሳምንት ጭቃ ደርቆባት፣ አዲሱ አቧራ ተጨምሮባት። እማዬ በምርኩዝ በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እህል መቅመስ ጀምራለች። እህቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። መኪናዋን ከፊት አየች፣ ከጎን አየች፣ ወደኋላ ዞረችና ቆመች። የሰፈራችን ልጆች አቧራ የጠጣው የኋላ መስታወት ላይ፣ በጣት፣ በትልልቅ ፊደል «እንዳትነኩ» ብለው ጽፈውበት ነበር። ጋሼ ያን ሁሉ መንገድ ጽሑፉን ተሸክሞ ነው የመጣው። ጠዋት ሲያየው እኔም አብሬው ነበርኩ፤ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ኪሱ ውስጥ ጨርቅ ነበር፣ ጨርቁን አላወጣውም።

እህቴ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ በልጅነታችን እንደምትስቀው። ከዚያ ሻንጣዋን አመጣች፣ እማዬን አቅፋ ሳመች፣ «በአሥራ አምስት ቀን እመጣለሁ» አለቻት፤ ዞር ብላ «እንመጣለን አይደል?» አለችው። «እንመጣለን» አለ።

ተለውጧል አልልም። መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ ወደኋላ ሲያይ ነበር፣ የሚያየውም እሷን ሳይሆን እግሯን ነው። እህቴ ከነጫማዋ፣ ከነጭቃው፣ ያመማትን ጉልበት ዘርግታ ወንበሩ ላይ ሰቅላዋለች። አንዴ አፉን ከፈተ። እኔ ጠበቅሁ፣ እሷም ጠበቀች።

«ጉልበትሽን አመመሽ?» አላት።